በይደር የተያዘች አንቀጽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ደብረ ብርሃን የሚደርሰን እንደ መንገዱ ነው። አንዳንዴ በማግስቱ፣ አንዳንዴ ሳምንት ቆይቶ። እኔ የማነበው መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ሱቅ ተውሼ ነው። ባለሱቁ ተማሪዬ ነበር። "ጋሼ፣ ሲጨርሱ ይመልሱልኝ" ይለኛል። ለበርበሬ መጠቅለያ ይፈልገዋል። ስለዚህ የማልስማማበት ነገር ሲገጥመኝ በርበሬ ሳይቋጠርበት ቶሎ መጻፍ አለብኝ።

በቅርቡ አንድ ጸሐፊ በገጻችሁ ላይ ስለ አሜሪካ አመሠራረት ጽፈው ነበር። አማርኛቸው ይጥማል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለች። አሥራ ሦስቱ ግዛቶች እንደ ልብ መካሪ፣ እንደ ቃል ተናጋሪ ሆነው በአንድ ሰነድ አንድ አገር ሆኑ ይላሉ። እኔ 31 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እንዲህ ብሎ ለጻፈልኝ ተማሪ ከአሥር አራት ነበር የምሰጠው። ጸሐፊው አይቀየሙኝ።

አሜሪካኖቹ አንድ የሆኑት ተጨቃጭቀው፣ ተዛዝተው፣ ተደራድረው ነው። ያቃታቸውን ደግሞ "ይደር" አሉት። እኔን ብዕር ያስነሣችኝ ይህች "ይደር" ናት። (ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን፤ እዚህ ሸዋን የሚገዛው መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ነበር።)

ነገሩ ያስታወሰኝ የሰፈራችንን እድር ነው። ቀልዴን አይደለም።

ከስድስት ዓመት በፊት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እድሮች ተዋሐዱ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ላይ ሰፈር 212 አባወራ፣ ታች ሰፈር 87። የሚለያቸው አንድ የኮብልስቶን መንገድ ነው። የሚቀብሩትም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ለማዋሐድ ስንት እሑድ የፈጀብን ይመስላችኋል? አሥራ አራት።

የመጀመሪያው ጠብ የድምፅ ጉዳይ ነበር። የላዮቹ "በአባል ብዛት ይሁን" አሉ። የታቾቹ "እንግዲያማ ዋጣችሁን፤ እድር ከእድር እኩል ነው" አሉ። አንድ አዛውንት ተነሡና፣ እንዲህማ ከሆነ እኛ ከማዶ ሰፈር እድር ጋር እንሄዳለን ብለው መሬቱን በከዘራቸው ደበደቡት። እኔ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ሳቄ መጣ። እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ። የደላዌር ተወካይ ናቸው።

ደላዌር ትንሽ ግዛት ነው። ተወካዩ ጋኒንግ ቤድፎርድ ይባላል። ጁን 30 ቀን 1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥት ሊያረቁ ተሰብስበው ሳለ ተነሣ። ትልልቆቹ ግዛቶች ከገፉን እጃችንን የሚይዝ የውጭ ወዳጅ አናጣም ብሎ በጉባኤው ፊት ዛተ። ከእንግሊዝ ጋር ሰላም ከፈረሙ ገና አራት ዓመታቸው ነው። በዚያው ቀን የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን ሌላ ነገር ተናገረ። ግዛቶቹን የሚለያያቸው ትልቅና ትንሽ መሆናቸው ሳይሆን፣ ባሪያ ያላቸውና የሌላቸው መሆናቸው ነው አለ። ሰሜንና ደቡብ ማለቱ ነው። እውነቱን ተናገረ። ከዚያ ሁሉም ተመልሰው ስለ ትልቅና ትንሽ መጨቃጨቃቸውን ቀጠሉ።

ያ ጉባኤ የተጠራው እኮ አገሩ ሊበተን ስለደረሰ ነው። ከዚያ በፊት የነበራቸው ውል፣ እ.ኤ.አ. በ1781 የጸደቀው፣ ማዕከላዊ መንግሥቱ ግብር እንዲሰበስብ አይፈቅድም። ገንዘብ ሲያስፈልገው ግዛቶቹን ይለምናል። ውሉን ለማሻሻል የአሥራ ሦስቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በገቢ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ እንጣል ሲባል ሮድ አይላንድ የምትባል ጭብጥ የምታህል ግዛት እምቢ አለች፤ ቀረ። ኒው ዮርክ ከኒው ጀርሲ አትክልት ጭኖ በሚመጣ ጀልባ ላይ ቀረጥ ጣለች። ኒው ጀርሲም በበኩሏ፣ ኒው ዮርክ በእሷ መሬት ላይ ባቆመችው የመርከብ መብራት ማማ ላይ ግብር ጣለችባት። ኬላ በኬላ ሆኑ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ደግሞ ዕዳ ያስመረራቸው ገበሬዎች ዳንኤል ሼይስ የሚባል የቀድሞ ሻምበል ይዘው ፍርድ ቤት ዘጉ። በጃንዋሪ 1787 የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሄዱ። ማዕከላዊው መንግሥት ወታደር የሚቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረው ለዘመቻው ያዋጡት የቦስተን ነጋዴዎች ናቸው።

በዚህ ድንጋጤ ነው ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት። 55 ሰዎች ነበሩ። ሮድ አይላንድ ሰው አልላከችም። ወሬ እንዳይወጣ በበጋ ሙቀት መስኮት ዘግተው ተቀመጡ። የኒው ዮርክ ሁለት ተወካዮች ተናደው ጥለው ሄዱ። መጨረሻ ላይ የፈረሙት 39 ናቸው። የድምፁን ጠብ የፈቱት እንደኛው ነው፤ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ቁጥር፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ግዛት እኩል። ጁላይ 16 ድምፅ ሲሰጥ አምስት ግዛት ደገፈ፣ አራት ተቃወመ፣ ማሳቹሴትስ ለሁለት ተከፈለች። እንደ ልብ መካሪ ማለት ይህ ከሆነ እንግዲህ ይሁና። ሮድ አይላንድም የገባችው በ1790 ነው፤ ያውም 34 ለ32።

ወደ እድራችን ልመለስ። ሁለተኛው ጠብ ዕዳ ነው። የታች ሰፈር እድር ድንኳንና ብረት ድስት በዱቤ ገዝቶ ነበር። የላዮቹ የራሳቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። "የእኛን ከፍለን፣ የእነሱንም ልንከፍል?" አሉ። አራት እሑድ በዚህ አለቀ። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ገንዘብ ያዡ ቤት ቡና ጠጡ። ሲወጡ ነገሩ አልቋል። ዕዳው የጋራ ይሆናል፤ ዕቃ ቤቱ ግን ላይ ሰፈር ይሠራል። ቡናው ላይ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

አሜሪካም እንዲሁ ነው የሆነው። ለነጻነት ጦርነቱ ግዛቶቹ ተበድረው ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ዕዳውን ሁሉ ማዕከላዊው መንግሥት ይረከበው አለ። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ማሳቹሴትስና ደቡብ ካሮላይና ብዙ ስላለባቸው ደስ አላቸው። ቨርጂኒያ አብዛኛውን ከፍላ ስለነበር "የእነሱንም ልንከፍል?" አለች። በኤፕሪል 1790 ምክር ቤቱ 31 ለ29 ጣለው። ጁን ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጀፈርሰን ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤቱ ሃሚልተንንና ማዲሰንን እራት ጋበዘ። ከእራቱ በኋላ የዕዳው ሕግ አለፈ። ዋና ከተማውም ደቡቦቹ እንደፈለጉት ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዲሆን ተወሰነ፤ ፊላደልፊያ እንዳትከፋ ለአሥር ዓመት ጊዜያዊ ዋና ከተማ ሆነች። ዋሽንግተን ከተማ ዛሬ ያለችበት ቦታ ያለችው በዚያ እራት ምክንያት ነው። ይህን ክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ምን እንደተበላ ብቻ ነበር።

ዕዳ የጋራ ሲሆን የሚከፍለው ይፈለጋል። ሃሚልተን ውስኪ ላይ ግብር ጣለ፤ 1791። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ መንዝ ነው ያደግሁት፤ እናቴም አረቄ አውጪ ነበረች። ጋኑ ውስጥ ድፍድፉ ሲፍለቀለቅ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማ ነበር። ከማሰሮው በሸምበቆ የሚወርደው ጠብ፣ ጠብ ሲል ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን የምቆሰቁሰው እኔ ነኝ። ገብሱን ለምን እንዳለ አንሸጠውም ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። "ገብሱን አህያዋ ትችለዋለች? መሐል ሜዳ ድረስ?" አለችኝ። ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል።

የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገበሬም መልሱ ይኸው ነበር። እህሉን በአሌጌኒ ተራራ አሻግሮ ወደ ምሥራቅ ገበያ መውሰድ አያዋጣውም። ውስኪ ካደረገው ግን የስድስት ፈረስ ጭነት እህል በአንድ ፈረስ ጀርባ ይሻገራል። በአካባቢውም ጥሬ ገንዘብ ስለሌለ የሚገበያየው በውስኪ ነው። ግብሩ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አይቀበሉትም። ለትልቁ ጠማቂ ቀለል ይላል፣ ለትንሹ ይከብዳል። አልከፍልም ያለ የሚከሰሰው ተራራውን ተሻግሮ ፊላደልፊያ ነው። እናቴ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም። እነሱ በጁላይ 1794 የግብር ተቆጣጣሪውን ቤት አቃጠሉ። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን 13 ሺህ ያህል ሚሊሺያ አስከትቶ ራሱ በፈረስ ወጣ። አመፁ ሳይዋጋ ተበተነ። በአገር ክህደት የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ዋሽንግተን ማራቸው። ግብሩን በ1802 እነ ጀፈርሰን አነሡት። እኔ ዋሽንግተንን በብዙ ነገር እተቸዋለሁ፤ በዚህ ምሕረቱ ግን ሁሌም አመሰግነዋለሁ።

ይኸው ዋሽንግተን ሥልጣን ሲለቅ የጻፈው መልእክት ሴፕቴምበር 19 ቀን 1796 የወጣው ፊላደልፊያ በሚታተም ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ነው። ብዙ ሰው ንግግር ይመስለዋል። በቃሉ አላሰማውም። ለጋዜጣ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ እንደኔው። ሰሜን ነን ደቡብ ነን፣ ምሥራቅ ነን ምዕራብ ነን እያላችሁ አትከፋፈሉ፤ በአካባቢ ስም የሚያጋጯችሁን ፖለቲከኞች ተጠንቀቁ ይላል። እጅግ ጥሩ ምክር ነው። ሰሜንና ደቡቡን ስለሚለየው ስለ ባርነት ግን አንዲት ቃል የለውም። የራሱን ባሪያዎች ነጻ ያወጣው በኑዛዜው ነው፤ ያውም ሚስቱ ከሞተች በኋላ ይሁን ብሎ።

ይደር ማለት ይህ ነው።

ፊላደልፊያ ላይም እንዲሁ ተደርጓል። ውክልና በሕዝብ ቁጥር ሲባል ባሪያው ይቆጠር ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሙሉ ይቆጠሩ ያሉት ባሪያ ያላቸው ናቸው፤ ወንበር ስለሚጨምርላቸው። አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ ተብሎ ተቋጨ። ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ የባሪያ ንግድ ከተከለከለ አንገባም አሉ። እስከ 1808 እንዳይነካ ተወሰነ። ሰሜኖቹም በምላሹ የንግድ ሕግ በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲወጣላቸው አደረጉ። በሰነዱ ውስጥ "ባሪያ" የሚል ቃል የለም። "ሌሎች ሰዎች" ነው የሚለው። በ1790 ሲቆጠሩ ከ3.9 ሚሊዮን ሕዝብ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋው እነዚህ "ሌሎች ሰዎች" ናቸው። ስለ እነሱ ሲወሰን ከእነሱ አንድም ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

በዚያው በእራቱ ዓመት፣ ሕገ መንግሥቱን ከፈረሙት አንዱ የሆነው አረጋዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ባርነትን የሚቃወም ማመልከቻ ፈርሞ ለምክር ቤቱ አስገባ። የደቡብ ተወካዮች ምክር ቤቱን በዛቻ አናወጡት። ምክር ቤቱ ባሪያ ነጻ የማውጣት ሥልጣን የለኝም ብሎ ዘጋው። ፍራንክሊን በኤፕሪል ሞተ። ልብ በሉ። ከሃያ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ በአንድ እራት ፈትተዋል። ይህኛውን ግን ማንም እራት አልጋበዘበትም።

እኛም ቤት ንጹሕ እንዳይመስለን። አልዩ አምባ ድረስ ጨው ይዞ ሽቅብ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ቁልቁል ወደ ባሕር ሲመለስ ሰው ይነዳ ነበር።

ዕዳ ሲያድር ይወልዳል። ጥጥ መፈልፈያ ማሽን በ1793 ተሠራ፤ ጥጥ ወርቅ ሆነ፤ 700 ሺህ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። የሚገርመው፣ መጀመሪያ በኅብረት ተሰብስበው ያጉረመረሙት ሰሜኖቹ ናቸው። የ1807ቱ የንግድ እገዳና ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የ1812ቱ ጦርነት ኒው ኢንግላንድ የሚባሉትን የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች መርከቦች ወደብ ላይ አስቀራቸው። በዲሴምበር 1814 ሃርትፎርድ ላይ 26 ሰዎች በር ዘግተው መከሩ። ከጥያቄዎቻቸው የመጀመሪያው ያ አምስቱን እንደ ሦስት የሚለው ቆጠራ ይሰረዝ የሚል ነበር። ለባሪያው አዝነው አይደለም፤ ለደቡብ ወንበር ስለሚጨምር ነው። ከአንድ ግዛት ተከታትሎ ፕሬዚዳንት አይመረጥ አሉም። ከመጀመሪያዎቹ አራት ፕሬዚዳንቶች ሦስቱ ቨርጂኒያዊ ነበሩ። መልእክተኞቻቸው ዋሽንግተን ሲደርሱ ከተማው በኒው ኦርሊንስ ድልና በሰላሙ ውል ዜና ይጨፍር ነበር። አፍረው ተመለሱ። ፓርቲያቸው ከዚያ በኋላ አላንሰራራም።

በ1819 ሚዙሪ ባሪያ ይዛ ግዛት ልሁን ስትል ነገሩ ፈነዳ። በ1820 ሚዛን እንዲጠበቅ ሜይን ከማሳቹሴትስ ተቆርጣ ባሪያ የማይያዝባት ግዛት ሆነች፤ ካርታው ላይ ባርነት የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን የሚለይ መስመር ተሰመረ። ጀፈርሰን ያኔ ሽማግሌ ነው። በኤፕሪል ለወዳጁ ሲጽፍ፣ ይህ ነገር በሌሊት እንደሚሰማ የእሳት ደወል አባነነኝ አለ። ተኩላውን በጆሮው ይዘነዋል፤ መያዙም አይሆንልን፣ በደህና መልቀቁም አይሆንልን አለ። የእኛ ሰው የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የሚለውን። ግን ነብሩን ያሳደገው ማን ሆነና? ጀፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ባሪያ ነበረው። ከ1861 እስከ 1865 በሰሜንና በደቡብ መካከል በተደረገው ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

የእድራችንን ነገር አልጨረስኩም።

ሰፈራችን ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ አረቄ የሚያወጡት ሴቶች፣ ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው። ለአዳራሽ መሥሪያ ቦታ ስንጠይቅ ማመልከቻው ላይ ቆጠርናቸው። ቁጥራችን ከ400 በለጠ። ድምፅ ይኑራቸው ወይ ሲባል ግን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር ተስማሙ። አንቀጽ 9፦ "ሌሎች ነዋሪዎች ግማሽ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ድምፅ አይሰጡም፣ አገልግሎቱ በኮሚቴው ውሳኔ ይሆናል፣ ዝርዝሩ ወደፊት ይታያል።" ሩብ ሰዓት አልፈጀችም። "ሌሎች ነዋሪዎች" የምትለዋን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። ያኔ ከየት እንደመጣችልኝ አላሰብኩም።

ኪራይ ባርነት አይደለም። ተከራይን የሚሸጥ የለም። ይህን ካላልኩ ከተማሪዎቼ አንዱ ደውሎ ይወቅሰኛል፤ እውነትም አለው።

ባለፈው ነሐሴ ከቤቴ ጀርባ ተከራይታ ትኖር የነበረች አንዲት አረቄ አውጪ ሞተች። ሌሊት ነው። ንጋት ላይ ጥሩምባውን እየጠበቅሁ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። አልተነፋም። ለፋፊው ኮሚቴው ካልወሰነ አልነፋም አለ። ሰብሳቢው አዲስ አበባ ነበር። ድንኳኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ዝናቡ ይወርዳል። ጎረቤቶቿ ከጣሪያ ጣሪያ ሰማያዊ ሸራ ወጠሩ። ለለቀስተኛው አግዳሚ ወንበር ስላልነበረ የእሷኑ ጀሪካኖች ደፍተን ተቀመጥንባቸው። ሸራው ውኃ ሲያቁር አንድ ልጅ በእንጨት ከሥር እየገፋ ያፈሰዋል። የተቀመጥኩባት ጀሪካን አረቄ አረቄ ትሸታለች። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ጥቅምት ላይ አንቀጽ 9 ትሻሻል ብዬ አጀንዳ አስያዝኩ። አንዱ የላይ ሰፈር ሰው፣ "ውሕደቱ ሳይጠና ይህን ብናነሣ የታቾቹ ይከፋቸዋል" አለ። አንዱ የታች ሰፈር ሰው ደግሞ፣ "እኔ ምን ገዶኝ፣ የላዮቹ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው" አለ። መሸ። ብርዱም ጠናብን። ገንዘብ ያዡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይሁን አለ። እጅ ወጣ። መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቷል። "አጀንዳ 3፣ አንቀጽ 9። በይደር ተይዟል" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ደብረ ብርሃን